ከቦታዋ ያልተነቃነቀችው ጉኑኖ

ጉኑኖ ተወልደው፣ ጉኑኖ ወልደው፣ ከጉኑኖ ርቀው ኖረው የማያውቁ አንዲት የስድሳ ዓመት እናት እንውሰድ። ሲወለዱ አድራሻቸው ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ ወላይታ አውራጃ ነበር። ልጅ ሳሉ ጠቅላይ ግዛቱ «ክፍለ ሀገር» ተባለ። ኢሕአዴግ ሲገባ ሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ራሳቸውን አገኙት። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ቀጥሎ ወረዳቸው ተከፈለ፤ ከቦሎሶ ሶሬ ወጥተው ዳሞት ሶሬ ገቡ፣ ጉኑኖም የወረዳ ከተማ ሆነች። ነሐሴ 2015 ላይ ደግሞ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ነዋሪነታቸው አብቅቶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነዋሪ ሆኑ።

እኚህ እናት አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀሱም። እንሰታቸው እዚያው ጓሮ ነው። የተንቀሳቀሰው መዋቅሩ ነው።

መዋቅር ሲለወጥ ምን እንደሚከተል የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ታፔላ ይቀየራል፣ የደብዳቤ ወረቀት እንደገና ይታተማል፣ ማኅተም ይቀረጻል። ይህ ወጪ ስለሚታይ በጀት ይያዝለታል። የማይታየውና ማንም ቆጥሮት የማያውቀው ሌላ ማኅተም ግን አለ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ የተቀረጸው ሶፍትዌር።

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ሲስተሙ ሲመጣ የሚሰማው ሌላ መልስ ግን ከዚያ ይብሳል፤ «ሲስተሙ አይቀበልም»። የመጀመሪያው ነገ ይስተካከላል። ሁለተኛው ግን የሚስተካከለው ሶፍትዌሩን የጻፈው ሰው ከተገኘ፣ ውሉ ካልተዘጋ፣ ገንዘብም ካለ ነው። እስከዚያው ድረስ ባለሙያው ጎን ለጎን ኤክሴል ይከፍታል፤ ትክክለኛው መረጃ ኤክሴሉ ላይ፣ የተሳሳተው ሲስተሙ ላይ ይኖራል። ለአለቃ የሚላከው የትኛው እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከትንሽ ስንፍና ነው። አንድ ፕሮግራመር በ2010 ዓ.ም. የክልል ዝርዝር አስገባ ሲባል የዘጠኙን ክልሎች ስም ኮዱ ውስጥ በቀጥታ ጽፎ ሄደ እንበል። ያኔ ልክ ነበር። ሰኔ 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ፤ ዐሥር። ኅዳር 2014 ደቡብ ምዕራብ መጣ፤ ዐሥራ አንድ። ጥር 29 ቀን 2015 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ወላይታ ላይ ሰኔ 12 ቀን በድጋሚ ድምፅ ተሰጠ፤ በክረምቱ ደቡብ ኢትዮጵያ ሲመሠረት የቀረው የቀድሞው ክልል «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ» ሆነ፤ ዐሥራ ሁለት። በእያንዳንዱ ጊዜ ያ ኮድ መከፈት፣ መታረም፣ እንደገና ተጠናቅሮ በየኮምፒዩተሩ መጫን ነበረበት።

የክልል ስም ቀላሉ ነው። የከበደው የሚመጣው የዛፉ ቅርጽ ራሱ ሲለወጥ ነው። አብዛኛው ቅጽ «ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ» የሚሉ አራት ሳጥኖች አሉት፤ አራቱም ካልተሞሉ አያሳልፍም። ደቡብ ኢትዮጵያ ሲመሠረት ግን አምስት ልዩ ወረዳዎች ነበሩት፤ ቡርጂ፣ ባስኬቶ፣ አሌ፣ አማሮና ደራሼ። ልዩ ወረዳ ዞን የለውም፤ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለክልሉ ነው። ታዲያ «ዞን» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምን ይሞላ? አንዱ የወረዳውን ስም ደግሞ ይጽፋል፣ ሌላው ሰረዝ ያደርጋል፣ ሦስተኛው የጎረቤቱን ዞን ይመርጣል። በዓመቱ መጨረሻ ላይ አንዱ ቦታ ሦስት ቦታ ሆኖ ይገኛል። ብዙም ሳይቆይ ልዩ ወረዳዎቹ ዞን ሆኑ፤ ደራሼ «ጋርዱላ»፣ አማሮ «ኮሬ» ተባሉ። ስምን መለያ አድርጎ የተሠራ ሲስተም እነዚህን ሲያይ ሁለት ቦታዎች ጠፍተው ሁለት አዲስ ቦታዎች የተፈጠሩ ይመስለዋል።

መፍትሔው የረቀቀ ነገር አይደለም፤ በየመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የቀን ማኅተም ነው። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ሁሉ ነገሩ አንድ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ አንድ ቃል ሲለወጥ ሙሉው ይጣላል። የቀን ማኅተም የሠራው ሰው ግን ቀንና ወር እንደሚለዋወጡ አስቀድሞ ስላወቀ በየራሳቸው መንኮራኩር ላይ አደረጋቸው፤ የማይለወጠውን አካል ለብቻው ተወው። ጸሐፊዋ ጠዋት ቢሮ ስትገባ በአውራ ጣቷ ታዞረዋለች። ቀረጻ ቤት አትሄድም፣ ደብዳቤ አትጽፍም፣ ፈቃድ አትጠይቅም።

ሥራ ላይ እያለ ራሱን የሚያስተካክል ሶፍትዌር የሚባለውም ይኸው ነው። የሚለዋወጠው ነገር ማለትም መዋቅሩ፣ ቅጹ፣ ደንቡ፣ ቋንቋውና የቀን አቆጣጠሩ ከኮዱ ወጥቶ መረጃ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሶፍትዌሩ በሚሠራበት ሰዓት ያንን መረጃ እያነበበ እንደዚያው ይሆናል። እያንዳንዱ ቦታ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይኖረዋል፤ ስሙ ለብቻው፣ ተጠሪነቱ ለብቻው ይመዘገባል። ጉኑኖ ያው ቁጥሯ ናት። ከማን ሥር እንደሆነች መንኮራኩሩ ይናገራል።

ኢትዮጵያ ይህን ከማንም ቀድማ በምሳሌ ማየት ትችል ነበር፤ ምክንያቱም የጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወደ ሥራ ያስገባው ዲኤችአይኤስ 2 የተወለደው ከመዋቅር ለውጥ ነው። በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ 14 የተለያዩ የጤና መሥሪያ ቤቶች ነበሯት፤ ለነጭ፣ ለክልስ፣ ለሕንድ፣ ለየባንቱስታኑ እያለ የተከፋፈለ። በ1994 እ.ኤ.አ. ሥርዓቱ ሲፈርስ አገሩ እንደ አዲስ በወረዳ ሊዋቀር ነበር፤ ወሰኑ ግን ገና አልተሠመረም። ኬፕ ታውን ላይ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠሩት ሰዎች ነገ የሚለወጥ ካርታ ላይ ዛሬ ሪፖርት የሚሰበስብ ነገር መሥራት ነበረባቸው። ስለዚህ ካርታውን ኮዱ ውስጥ አልጻፉትም። የመጀመሪያው ስሪት ማይክሮሶፍት አክሰስ ላይ የተሠራ ተራ ነገር ነበር፤ ኋላ በኢንተርኔት የሚሠራው ሁለተኛው መጣ። ዛሬ በብዙ አሥር አገሮች ይሠራበታል። የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር እንኳ ከማስተካከያው ገጽ ላይ መምረጥ ይቻላል፤ ጳጉሜን ለማስገባት ማንም ኮድ መንካት የለበትም።

ጥር 2020 እ.ኤ.አ. ስሪላንካ በዚሁ ሶፍትዌር ላይ የኮቪድ የመንገደኞች መከታተያ በቀናት ውስጥ አዘጋጀች። አዲስ ፕሮግራም አልጻፈችም፤ አዲስ ቅጽ ነው ያዋቀረችው። ያንኑ ቅጽ ሌሎች አገሮች ወስደው ለራሳቸው አስተካክለው ተጠቀሙበት። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ መከሰቱ ሲረጋገጥ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ላለ ሰው ይህ የፈረንጅ ወሬ መሆኑ ቀርቶ የራሱ ጉዳይ ሆነ። እንዲህ ያለ በሽታ ሲገባ «ቅጹን ለመጨመር ጨረታ እናውጣ» ማለት አይቻልም።

በጤና ኬላ ደረጃም ተመሳሳይ አሠራር አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በታብሌት የሚጠቀሙበት፣ በአጭሩ ኢሲኤችአይኤስ የሚባለው ሥርዓት የቆመው ኮምኬር በሚባል ዝግጁ መሠረት ላይ ነው። ቅጹ ከአፑ ተነጥሎ ስለሚቀመጥ ታብሌቱ ኔትወርክ ሲያገኝ አዲሱን ቅጽ ያወርዳል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ሥራው አይቆምም፣ የተመዘገበው ውስጡ ይቆይና ሲገናኝ ይላካል። ከሶዶ ወጣ ብሎ የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። ፋይዳም እንዲሁ ነው። የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራሙ ከባዶ አልጀመረም፤ ባንጋሎር የተሠራውን ሞሲፕ የተባለ ክፍት የሶፍትዌር መሠረት ወሰደ፤ ፊሊፒንስና ሞሮኮም የወሰዱት ያንኑ ነው። የምዝገባ ቅጹን አገሩ ራሱ ስለሚወስን የአባትና የአያት ስም የሚጠራ ሰው «የቤተሰብ ስም» የሚል የባዕድ ሳጥን ውስጥ በግድ አይገባም።

እስከዚህ ድረስ ወሬው ጥሩ ነው። የተጣጣፊ ሶፍትዌር ሻጮችም የሚናገሩት እስከዚህ ድረስ ነው። ሁለት ነገሮችን ግን አይናገሩም።

አንዱ ትናንትን የሚመለከት ነው። ዳሞት ሶሬን ከቀድሞው ክልል አንስቶ አዲሱ ክልል ሥር ማድረግ አንድ ነገር ነው። የ2013 ዓ.ም. ሪፖርቷስ የማን ነው? በጊዜው የቀረበው ለቀድሞው ክልል ነው። መንኮራኩሩ ሲዞር የዛሬው ብቻ ሳይሆን ያለፈውም አብሮ ከዞረ ያልነበረ ክልል የ2013 ክትባት ሰጥቶ ይገኛል፤ የነበረው ክልል ደግሞ እንዳልነበረ ይሆናል። ዲኤችአይኤስ 2 ራሱ እዚህ ላይ ደካማ ነው፤ ተጠሪነት ሲቀየር የዛፉን የቀድሞ መልክ አያስቀምጥም፣ ያለፈውንም መረጃ በአዲሱ መዋቅር ያሳያል። ለዛሬ ንጽጽር ይመቻል፤ ለተጠያቂነት ግን አይመችም። በጀት ወስዶ ሥራ ያልሠራ አካል ሲፈርስ፣ ሪፖርቱም አብሮ ሌላ ሰው ስም ላይ መዞር የለበትም።

ይህ ለወላይታ አዲስ ችግር አይደለም። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ጉኑኖን ለማግኘት ሰሜን ኦሞ ዞን፣ ቦሎሶ ሶሬ ወረዳን መክፈት ያስፈልጋል፤ በ1999ኙ ዳሞት ሶሬ ራሱን ችሎ ቆሟል። ሁለቱን ቆጠራዎች ያለ ማስተካከያ ያነጻጸረ ሰው ቦሎሶ ሶሬ ላይ ሕዝብ ያለቀ ይመስለዋል። በተቃራኒው ደግሞ በ1970ዎቹ ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ሥር ጉኑኖ ላይ የተለካው ዝናብና የታጠበ አፈር አለ። ያኔ ሰነዱ «ሲዳሞ» ይላል። ሲዳሞ የሚባል ክፍለ ሀገር ዛሬ የለም፤ ልኬቱ ግን ዛሬም ያገለግላል፤ ምክንያቱም የተያያዘው ከቦታው ጋር እንጂ ከአስተዳዳሪው ጋር አይደለም። በቀላል አነጋገር እያንዳንዱ ተጠሪነት «ከመቼ እስከ መቼ» የሚል ቀን ሊኖረው ይገባል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ማስገባት ርካሽ ነው፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማስገባት ግን የማይቻል ያህል ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል፤ መንኮራኩሩን የሚያዞረው ማን ነው?

ተጣጣፊነት ሥልጣን ነው። ቅጽ መለወጥ ከባድ በነበረበት ዘመን አዲስ አበባ ያለ ኃላፊ አንድ ጥያቄ ለመጨመር ወረቀት ማሳተም፣ መኪና ማስነሣት፣ ሥልጠና መስጠት ነበረበት። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር። አሁን አንድ ሳጥን ለመጨመር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሳጥኑ ግን ከ17 ሺህ በላይ ጤና ኬላዎች ላይ ይወርዳል። የጉኑኖ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጭቃ ረግጣ የደረሰችበት ቤት ተቀምጣ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ትጠይቃለች። በሳምንቱ ሌላ ይጨመራል። አንዱ ለጋሽ የጠየቀው፣ ሌላው ዳይሬክቶሬት የፈለገው ይደረባል፤ የሚቀነስ ግን የለም። ለሚያዝዘው የቀለለው ነገር ለምትሞላው ከብዷል። ስሕተትም እንዲሁ ይፈጥናል፤ ዱሮ አንድ ወረዳ ላይ የሚቀር የነበረ የአሠራር ጉድለት ዛሬ በአንድ ጀምበር አገር ያዳርሳል።

ከላይ ሆኖ ቅርጽ መስጠት ምን እንደሚያስከትል ወላይታ በደንብ ታውቃለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የሚል አንድ የትምህርት ቋንቋ ተሠራ፤ መጽሐፍ ታተመ፣ ትምህርት ቤት ደረሰ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ሶዶ ላይ ደም ፈሰሰ፤ መጽሐፉ ተመለሰ፤ ወላይታም ለብቻዋ ዞን ሆነች። ያ በወረቀት ዘመን የሆነ ነው። መጽሐፍ ቢያንስ ይታያል፣ በእጅ ይያዛል፣ ይመለሳል። ከሰርቨር ላይ የሚወርድ ቅጽ ግን ማን እንደወሰነው እንኳ አይታወቅም።

ስለዚህ ጥያቄው ሶፍትዌሩ ይተጣጠፋል ወይ በሚለው አያበቃም። ዞኑ የትኛውን ማዞር ይችላል? ወረዳውስ? ዛሬ በአብዛኛው መልሱ «ምንም» ነው። ቀበሌ ሲከፈል ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ለአዲስ አበባ ይጽፋል፤ መልስ እስኪመጣ ሁለቱ ቀበሌዎች በአንድ ስም ይሞላሉ። ሲስተሙ በውስጡ ተጣጣፊ ሆኖ ለተጠቃሚው ግን እንደ ድንጋይ ነው። እርግጥ ሁሉም ሰው ሁሉንም ቢያዞር መረጃው የባቢሎን ግንብ ይሆናል፤ አገር አቀፍ መለኪያዎች በማዕከል መቆለፍ አለባቸው። የራስን ቀበሌ መክፈል፣ የራስን ቦታ ስም በራስ ቋንቋ ማስገባት፣ ለአካባቢ የሚያስፈልጉ ጥቂት ጥያቄዎችን መጨመርና መቀነስ ግን ለምን ሚኒስቴር ይደርሳል?

«ባለሙያ የለም» የሚለው መልስ በየስብሰባው ይሰማል። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እያስተማረ ነው፤ የኮምፒዩተር ምሩቃንም ያወጣል። የጎደለው ሰው አይደለም፤ ሰውየው የሚቀጠርበት መደብና ሲገባ የሚሰጠው የይለፍ ቃል ነው። የወረዳ አይሲቲ ባለሙያ ሥራ ዛሬ በአብዛኛው ፕሪንተር መጠገን ነው።

ይህ ቅንጦት እንዳልሆነ ጥር 2017 አሳይቷል። አሜሪካ የውጭ ርዳታዋን ስታግድ፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። የዲጂታል ጤና ሥራው ብዙ ክፍል ሲደገፍ የኖረው በዚያው ርዳታ ነው። ሶፍትዌሩ ክፍት ነው፣ በነፃ ነው፤ ሰርቨሩም እዚህ ነው። ማዞር የሚያውቀው ሰው ግን በፕሮጀክት ውል የተቀጠረ ከሆነ፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መንኮራኩሩ ቦታው ላይ ይደርቃል። ያኔ ተጣጣፊው ሲስተም ከዘጠኙ ክልሎች ኮድ በምንም አይለይም።

የሚቃወም ሰው አይጠፋም። «ሁሉን የሚሆን ሶፍትዌር መጨረሻው አንዱንም ደኅና የማይሠራ ነው» ይላል፤ እውነት አለው። ሁሉ ነገር እንዲስተካከል ተደርጎ የተሠራ ሲስተም ዘገምተኛ ነው፣ ለመፈተሽ ይከብዳል፣ የማስተካከያው ገጽ ራሱ ሌላ ፕሮግራም ይሆናል። የቀን ማኅተም ላይም የሚዞረው ቀኑ ነው እንጂ ክቡ አይደለም። የሚያስፈልገው እዚህ አገር የሚለወጠውን ነገር መለየት ነው፤ ይህ ደግሞ ጥንቆላ አይጠይቅም። የአስተዳደር መዋቅር ይለወጣል፣ የቦታ ስም ይለወጣል፣ የመሥሪያ ቤት ስምና ተጠሪነት ይለወጣል፣ ታሪፍና ግብር ይለወጣል፣ መብራትና ኔትወርክ ይሄዳል ይመጣል። የእኚያን እናት ዕድሜ መለስ ብሎ ያየ ሰው ዝርዝሩን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል።

ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮዎቹን በስድስት ከተሞች አሰራጭቶ ነው የተመሠረተው፤ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላና ካራት። እንዲህ ያለ ክልል ያለ ኮምፒዩተር ሥርዓት ሊሠራ አይችልም፤ ስለዚህ ይገዛል፣ ያስጽፋል። በየጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመርበት። በርክክቡ ቀን ፕሮግራመሮቹ ከክፍሉ ይውጡ። አንድ የወረዳ ባለሙያ፣ ለምሳሌ ከጉኑኖ የመጣ፣ ኮሚቴው ፊት ተቀምጦ አንዱን ቀበሌ ለሁለት ይክፈል፤ አንዱን ወረዳ ከዞን ወደ ዞን ያዛውር፤ የአምናውን ሪፖርት አንድ ጊዜ በአሮጌው፣ አንድ ጊዜ በአዲሱ መዋቅር ያትም፤ ከዚያም ኔትወርኩ ተነቅሎ ሦስት ሰዎችን ይመዝግብ። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ይህ ከሆነ በኋላ ነው። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አበሉን ጨምሮ ከአንድ ታፔላ ዋጋ አይበልጥም።